ከመድረኩ ሥር ስለ ቀረችው ገብስማ ዶሮዬ

መስከረም 15 ቀን 1979 ዓ.ም.
ሆጤ፣ ደሴ

ለተከበሩ ጓድ በላቸው ወልደ ሚካኤል
የቀበሌያችን ሊቀመንበርና የዶሮ እርባታ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? የሆጤ ክረምት እንዳልከበደዎት፣ ብርዱም ደረትዎን እንዳልነካው ባለፈው ስብሰባ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳያስሉ ሲናገሩ ሰምቼ አላህን አመስግኛለሁ። የእኔን ጤና የጠየቁ እንደሆነ ደህና ነኝ፤ ዶሮዎቼ ግን አልቀዋል።

ይህን ደብዳቤ በግድግዳ ጋዜጣው ላይ ለመለጠፍ የደፈርኩት፣ ይህ ሳምንት የሂስና የግለ ሂስ ሳምንት ስለሆነ ማንኛውም ነዋሪ ሳይፈራ ይጻፍ ብለው እርስዎ ራስዎ ስላወጁ ነው። ማንበብና መጻፍ የተማርኩትም በዚሁ በቀበሌያችን አዳራሽ፣ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ፣ ፊደሌ ቢንጋደድ ጥፋቱን አብረን እንካፈለዋለን።

ጉዳዬ አንዲት ገብስማ ዶሮ ናት። በ1977 ክፉ ቀን ከቤቴ ክንፍ ያለው ነገር ሁሉ ባለቀ ጊዜ፣ እህቴ ጣይባ ይህችኑ ገብስማ ገና ቄብ ሳለች ከኮምቦልቻ በጉያዋ አቅፋ አመጣችልኝ። ያቺ ቄብ አድጋ፣ ታቅፋ፣ ፈልፍላ ስምንት ዶሮዎች ሰጠችኝ፤ ቤቴም እንደገና ቤት መሰለ። ሐምሌ 12 ቀን ኮሚቴዎ መጥቶ ዘጠኙንም ለጋራ እርባታው ሲወስድ፣ የወሰደው የሁለት ዓመት ልፋቴን መሆኑን ማወቅ የነበረበት አይመስለኝም፤ ቅጹ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የሚሞላበት ቦታ የለም። ቅሬታዎቼንም ባለችኝ ትንሽ እውቀት በቁጥር አስቀምጫለሁ።

1ኛ. ከአሥራ ሰባት ቤት አርባ አንድ ዶሮዎች ተሰብስበው አዳራሹ ሲገቡ፣ አውራ ዶሮዎች በውይይት ሰዓት እየጮሁ ጓዶችን ስለሚያቋርጡ በየቤታቸው እንዲቀሩ በአንድ ድምፅ ተወሰነ። በአንድ ድምፅ ይባል እንጂ እጃችንን ያላወጣነው እኔና ጎረቤቴ ወይዘሮ ሸዋረጋ ብቻ ነበርን። ወር ያህል አውራ ያላየች ዶሮ የምትጥለው እንቁላል ለመጥበሻ እንጂ ለጫጩት እንደማይሆን ለማስረዳት ተነሥቼ ነበር፤ ነገር ግን በሴት አንደበት መነገሩ ስለሚያሳፍር፣ የኮሚቴው አባላትም ባለትዳሮች ስለሆኑ ያውቁታል ብዬ ተቀመጥኩ። ይህ የእኔ ግለ ሂስ ነው። የኮሚቴውን እውቀት ከመጠን በላይ ገምቻለሁ።

2ኛ. ነሐሴ 16 ቀን ገብስማዬን ጨምሮ ሦስት ታቃፊ ዶሮዎች ተመርጠው፣ ብርሃን እንዳይረብሻቸው በሚል ከመድረኩ ሥር በየሣጥናቸው ተቀመጡ። ቦታው ጥሩ ነበር፤ ላመስግን። ጫጩቶቹ ልክ በአብዮት በዓል ዕለት፣ እንግዶች ባሉበት እንዲፈለፈሉ ቀኑን ወደ ኋላ ቆጥረው ሃያ አንድ ማድረግዎም ሒሳብ እንደሚያውቁ ያሳያል። ነገር ግን በእያንዳንዷ ሥር ሃያ አምስት እንቁላል እንዲደረግ አዘዙ። እናቴ ከአሥራ አንድ አታሳልፍም ነበር፤ ቁጥሩም ጎዶሎ ይሁን ትል ነበር። የጎዶሎውን ምክንያት እኔም አላውቀውም፤ የአሥራ አንዱን ግን አውቀዋለሁ፣ ዶሮ ክንፏ የሚሸፍነው ያንን ያህል ነው። ዕቅድ በእጥፍ ሲያድግ ክንፍ አብሮ አያድግም።

በስምንተኛው ቀን አንዳንዱን እንቁላል አውጥቼ በባትሪ መብራት አየሁት። ሕይወት የያዘ እንቁላል በዚያ ዕድሜው እንደ ክር የቀጠነ የደም ሥር ያሳያል። እነዚህ እንደ ብርጭቆ ውሃ ጥርት ያሉ ነበሩ። ለኮሚቴው ባመለክት፣ ከድር የተባለው የኮሚቴው ጸሐፊ በቃለ ጉባኤው ላይ “በእንቁላሎች ላይ ጥርጣሬ የማሰራጨት ዝንባሌ” ብሎ ስሜን አሰፈረልኝ። በሕይወቴ ስሜ በቃለ ጉባኤ ሲጻፍ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ውለታችሁን አልረሳም።

3ኛ. ስለ ፈንግል። ቁጥሩ አርባ አምስት እንዲሞላ በሚል ከገበያ አራት ዶሮዎች ተገዝተው ሲገቡ፣ አንዷ አንገቷን ጠምዝዛ፣ አረንጓዴ ኩስ እየጣለች፣ አፏን ከፍታ እየተነፈሰች ነበር። ይህች ትለይ፣ ሌሎቹም አዲሶች ሁለት ሳምንት ለብቻቸው ይቆዩ፣ የበሉበት ዕቃም ይታጠብ ብዬ ለመንኩ። በዶሮዎች መካከል መለያየት መፍጠር የኋላቀር አስተሳሰብ ነው ተባልኩ። ከዚያ በኋላ ሞት መለያየት ሳይፈጥር ሁሉንም በእኩልነት አገለገላቸው።

ሎሚም ጨምቄ፣ ነጭ ሽንኩርትም ቀጥቅጬ በጉሮሯቸው አንቆርቁሬያለሁ። አልዋሽም፤ ፈንግል ከገባ በኋላ ሎሚ የሚጠቅመው ዝም ብላ ማየት ላልቻለች ባለቤት ነው። መድኃኒቱ አስቀድሞ ጤነኛዋን መከተብ ብቻ ነው። የእንስሳት ሐኪሙም ገና ያልታመሙትን ለመከተብ የጠየቀው ማኅተም ያለበት አንድ ደብዳቤ ነበር። እርስዎ ግን ለምሳሌያዊ ቀበሌነት በታጨ ቀበሌ ውስጥ ፈንግል አለ ብሎ መጻፍ ተገቢ አለመሆኑን አስረድተው ማኅተሙን ከመሳቢያዎ አላወጡም። በዘጠኝ ቀን ውስጥ አርባ አራቱ አለቁ። ስምንቱ የእኔ ነበሩ፤ እያንዳንዳቸውን ሳነሣ አልቅሻለሁ፤ ለዶሮ በማልቀሴ የሚስቅ ካለ ይሳቅ። በጥግ በኩል ለብቻዋ ታቅፋ የነበረችው ገብስማዋ ብቻ ተረፈች።

4ኛ. መስከረም 2 ቀን እንግዶች መጡ። ሰባ አምስት ጫጩቶች መፈልፈላቸውን በሪፖርት አሰሙ፤ እንግዶቹም ማየት ሲፈልጉ ጫጩቶቹን ብርድ እንዳይመታቸው የመድረኩ ሥር መጋረጃ ባይገለጥ ይሻላል አሏቸው። ተጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ያልተወለደን ልጅ ከብርድ የሚጠብቅ መሪ ከዚህ በፊት አላየሁምና።

በማግስቱ ዶሮዬ ትመለስልኝ ብዬ ባመለክት፣ በሪፖርቱ መሠረት ዶሮዋ ሃያ አምስት ጫጩቶች በማሳደግ ሥራ ላይ ስለሆነች ልትለቀቅ አትችልም የሚል መልስ ደረሰኝ። ይኸው ዛሬ ሠላሳ አራተኛ ቀኗ ነው። የማይፈለፈል ነገር ታቅፋ ተቀምጣለች። ታቃፊ ዶሮ ደግሞ ካላነሷት ራሷን አታውቅም፤ እህል ካላቀረቡላትም ሳትበላ ትውላለች። ትናንት ደረቷን ብዳስሰው አጥንቱ ቢላ ሆኗል። ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ያልቃል። ይህች ዶሮ በእርስዎ ወረቀት ምክንያት በረሃብ ልትሞት ነው፤ ክፉውን ቀን አልፋ በደግ ቀን።

ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ። ሪፖርቱን እንዲያርሙ አልጠይቅም፤ ሰባ አምስቱ ጫጩቶች እዚያው ወረቀቱ ላይ ያድጉ፣ ኢንሻአላህም እንቁላል ይጣሉ። እናታቸውን ብቻ ይመልሱልኝ።

ለእርባታው ስላሳዩት ትጋት፣ ለዶሮዎቼ ስላደረጉት እንክብካቤና ማኅተሙን ስለጠበቁበት ታማኝነት ያለኝን ወሰን የሌለው አድናቆት እየገለጽኩ፣ ሥልጣንዎ እንደ ጫጩቶቹ እንዲበዛልዎ የምመኝ፣

የቀድሞ የዘጠኝ ዶሮዎች ባለቤት
ከሪማ ሙሄዲን

ግልባጭ፦
ለኮሚቴው ጸሐፊ፣ ለቃለ ጉባኤው
ለወይዘሮ ሸዋረጋ፣ ለምስክርነት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ መልስዎን ስጠብቅ እንዳትሞትብኝ ስለ ፈራሁ፣ ዛሬ ጠዋት ክፍት በነበረው የአዳራሹ በር ገብቼ ገብስማዋን በጉያዬ ይዣት ወጥቻለሁ፤ አሁን ጓሮዬ ፀሐይ እየሞቀች ጤፍ ትለቅማለች። ሥራዬን ብቻዬን ስለሠራሁ ሌላ ሰው አይጠየቅ። እንቁላሎቹን ግን የቀበሌው ንብረት ስለሆኑ አንዱንም አልነካሁም፤ ሃያ አምስቱም ከነሣጥናቸው የፊታችን እሁድ የምሳሌያዊ ቀበሌነት ሽልማቱን ሲቀበሉ መድረኩ ላይ ከሚቀመጡበት ወንበር ልክ ሥር ናቸው። ሠላሳ አራት ቀን የሞቀ እንቁላል ውስጡ በጋዝ ተወጥሮ በትንሽ ንቅናቄ ስለሚፈነዳ፣ ሽታውም ከልብስ በቀላሉ ስለማይለቅ፣ ሣጥኑን የሚያወጣው ሰው እጁ የማይንቀጠቀጥ ይሁን። የሚያወጣው ከጠፋም፣ በዕለቱ ሕዝቡ ጭብጨባውን ቀስ እንዲያደርግ እንዲነገርልኝ እለምናለሁ።