ፎርሙ ላይ የፈረምኩት

ዓርብ፣ የካቲት 6

ሶልያና ነገ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ወንዝ ላይ ልትቀዝፍ ነው። ልጄ የምትወደው ቅርጫት ኳስ ነበር። የቸርቻችን የእህት አልማዝ ልጅ በጀልባ ቀዘፋ ስኮላርሺፕ አግኝታ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ገባች ሲባል ግን እኔም ሮጬ አስመዘገብኳት። ፎርሙ «ሃምሳ ሜትር መዋኘት ትችላለች?» ይላል። ትችላለች ብዬ ፈረምኩ። እስከዚያ አስተምራታለሁ ብዬ ነበር፤ ከአንዱ የሥራ ሺፍት ወደ ሌላው ስል አንድ ቀን እንኳ ፑል ሳልወስዳት ቀረሁ።

ዛሬ ቸርች «ጌታ ልጄን በውሃው ላይ እንዲጠብቅልኝ ጸልዩልኝ» አልኩ። ሁሉም አሜን አሉ። ስለ ፎርሙ ትንፍሽ አላልኩም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ «ማሚ፣ ኢዝ ኢት ዲፕ?» ብላ የወንዙን ጥልቀት ጠየቀችኝ።

«አይዞሽ፣ ላይፍ ጃኬት ትለብሻለሽ» አልኳት።

ቀዛፊዎች ላይፍ ጃኬት እንደማይለብሱ አንብቤያለሁ። ፎርሙ ላይ መዋኘት ትችላለች ወይ ብለው የጠየቁትም ለዚሁ ነው።