ጀማዳር ስም አይደለም

ለተከበሩ የቻክ ኑራን ማዘጋጃ ቤት የመዝገብ ክፍል ኃላፊ፣ ሚያን ሳሂብ፦

እንደምን ሰነበቱልን? ጤናዎ፣ ደረትዎ፣ በተለይ አፍንጫዎ ደህና ነው? የሰፈራችሁ ቦይ ከተደፈነ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ የሚከፍትላችሁ ሰው ሞቷል። ሰውየው አባቴ ነው።

የሞት ወረቀቱን በአንድ ቀን ጨርሰው ስለሰጡን ከልብ አመሰግናለሁ። «ስም» በሚለው መስመር ላይ ግን «ጀማዳር» ተብሏል። ማክበርዎ ከሆነ ብዬ ትንሽ ላስረዳዎት።

1ኛ፦ ዛሬ ቦይ ጠራጊውን ሁሉ ጀማዳር ትሉታላችሁ፤ ድሮ ግን ጀማዳር ቦይ ጠራጊ አልነበረም። ጭፍራ የሚያዝ፣ ጎራዴ የታጠቀ መኮንን ነበር። ትምህርት ቤት መዝገበ ቃላት ላይ አግኝቼ ደስ ብሎኝ ለክፍሉ ባነብ፣ መምህሯ «እሺ የመኮንን ልጅ፣ በይ ተነሽና ሽንት ቤቱን ማርኪልን» አለችኝ። የሰጠችኝን መጥረጊያ በመስኮት ወርውሬ ወጣሁ፤ በዚያው ቀረሁ። የፊደል ስህተት ካገኙ ለእሷ ይንገሯት።

2ኛ፦ ማዕረጉ እንዴት እኛ ጋ እንደደረሰ አባቴን ጠይቄው ነበር። «ሱንቡልዬ፣ ሥራው ሲከረፋባቸው ስሙን ሽቶ ቀቡት» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

3ኛ፦ የመቃብር ጠባቂው ወረቀቱ ላይ ካለው ስም ሌላ መስቀሉ ላይ አልጽፍም ብሏል። ጸሐፊዎ ጋ ስንሄድ ደግሞ «ታዲያ አገሩ ሁሉ ጀማዳር ሲለው አልነበር እንዴ? እኔ ምን አጠፋሁ?» አለን። እናቴ «ሳሂብ፣ እኔ እኮ ኢናያት ነበር የምለው» አለችው። ቀና ብሎም አላያት። ሃያ ዓመት ሙሉ ኢናያት ስትለው ኖራለች! ይኼ ለመንግሥት አይበቃም?

መስቀሉ ባዶውን ቆሟል። እባክዎ ያንን አንድ ቃል ሰርዘው «ኢናያት መሲህ» ብለው ይጻፉልን። ማዕረጉን መልሰው ይውሰዱት፤ ለእርስዎም ያምርብዎታል።

የአባቷን ስም እስክትሰማ ከክቡር በርዎ የማትነቃነቅ፣ ታላቅ አክባሪዎ፣
ሱንቡል፣ የኢናያት መሲህ ልጅ

ማስታወሻ፦ ለመዝገብዎ ይጠቅም እንደሆነ፣ በሞተበት ቀን አባቴ የቦዩ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ድምፁ ሲጠፋ ተቆጣጣሪዎ ከዛፉ ጥላ ሥር «ጀማዳር! አንተ ጀማዳር!» እያለ ተጣራ። ራቅ ብለው ጭቃ የሚዝቁት ሦስቱ ጠራጊዎችም «አቤት ሳሂብ!» አሉት። መልስ አገኘሁ ብሎ ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰ።