ወረንጦው የፋቀው ድንጋይ

ደ/ታቦር፣ ኅዳር ፬፣ ማክሰኞ ረፋድ

ዛሬም ገበሬዎች ያመጡትን ድንጋይ መመርመር። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ዝም ብለን እንቀመጣለን። ጣሊያኑ መሐንዲስ ራዲዩም የሚሉት ነገር ያለበትን ብልቃጥ ድንጋዩ አጠገብ ያደርጋል። ድንጋዩ ንጹሕ ከሆነ አያበራም። መዳብ ቢጤ ባዕድ ነገር የገባበት ግን አረንጓዴ ያበራል፣ የሚፈልገውም ያንን ነው። የሰውየው ዓይን ደክሟል፣ የሚያይለት እኔ ነኝ። ይኸውልህ ደብተሬ፣ አስተርጓሚነቱ ሳያንስ ዓይንም ሆኛለሁ።

አንዱ አበራ። ከአንበሳሜ የመጣው።

ኅዳር ፯፣ ዓርብ

ያ ድንጋይ የወጣበት የአንበሳሜ ማሳ ታጠረ። ጤፉ ሳይታጨድ ጣሊያኖቹ ባለርስቶቹን አስወጧቸው። እኔ ያየሁትን ነው የተናገርሁት። ምሳ አልበላ አለኝ።

ኅዳር ፲፩፣ ማክሰኞ ከሰዓት

የክርስትና አባቴ አያ መኩሪያ መጡ። የሚያበራ ድንጋይ ያመጣ ከግዳጅ መንገድ ሥራ ነፃ ይሆናል ተብሎ በገበያ ተለፍፏል፣ ልጃቸውን ነፃ ሊያስወጡ ነው። ድንጋዩ ከራሳቸው ማሳ፣ ከቤ/ክ ግርጌ። ስለ አንበሳሜ አልሰሙም። አያበራም ብል ያበቃል ብዬ እኔም አልነገርኋቸው።

ጨለማ ቤት ገባን። ብልቃጡ ቀረበ። ድንጋዩ አረንጓዴ ፍም መሰለ። አያበራም አልሁ፣ በጣሊያንኛ፣ ከዚያ በአማርኛ።

አያ ተቆጡ። በዚህ ሽበቴ ሐሰተኛ ልባል ነው ወይ አሉ። እሾህ የሚነቅሉበትን ወረንጦ ከአንገታቸው ፈትተው ድንጋዩን ፋቁት። ብልጭ አለ፣ ደጋግሞ። ለመሐንዲሱ የደከመ ዓይንም በቃ።

መሐንዲሱ ከየት እንደመጣ ጠይቅ አለኝ። ለአያ፦ ቦታውን ከተናገሩ ርስትዎ ይሄዳል፣ የአንበሳሜዎቹ ሄዷል። ለእሱ፦ ከይፋግ ነው ይላሉ፣ ብዬ ሌላ አገር ጠራሁ።

አላመነኝም። የመስኮቱን ብርድ ልብስ ገፈፈና ወደ አያ ዞረ። ይፋግ? አለ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየ።

ወረንጦው አሁንም አያ እጅ ላይ ነው። ኋላ፣ አዎን፣ ይፋግ አሉ።

ደጅ ስሸኛቸው ቀና ብለው አላዩኝም። በስተርጅናዬ ውሸት አስለመድኸኝ ልጄ አሉ። ጉልበታቸውን ስሜ ተለየኋቸው። አዘንሁ፣ እፍረትም አለበት።

ማምሻ

ነገ በማለዳ መኪና ይነሣል። መንገድ መሪው እኔ። ጣሊያኖቹን ይፋግ እወስዳቸዋለሁ፣ ቆርጫለሁ። ቆፍረው ያጡ እንደሆነ ግን የሚጠየቀው እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ይፋግ ያሉት አያም ናቸው።