የአባባ ኮቴ

ጋሼ፣

ዛሬ አንተ ወደ ሌሊት ጥበቃ ሥራህ እንደወጣህ ከኩሽና በኩል ድው የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጆንያ የወደቀ መስሎኝ ቶሎ አልተነሳሁም፤ እንደ ልማዴ በመስኮት ደመና እያየሁ ነበር። ስደርስ አባባ ያለ ጫማ፣ በካልሲ ብቻ መሬት ላይ ቁጭ ብለዋል።

«እኔ አልወደቅኩም፤ ወለሉ ነው የተነሳብኝ» አሉኝ።

ክሊኒክ ወስጃቸው ተመልሰናል። አጥንታቸው ደህና ነው፣ ዳሌያቸው በልዟል። አሁን ተኝተዋል።

ጫማዎ የታለ ስላቸው፣ «ኮቴዬ ወንድምህን ይቀሰቅሰዋል» አሉ። አንተ እኮ ቤት አልነበርክም። ቀን በተኛህበት ተነስተህ «አባባ፣ ቤቱ ውስጥ ፈረስ ነው እንዴ ያለው?» ካልካቸው ወዲህ ባትኖርም እንኳ ጫማ አያደርጉም።

«ለእሱ እንዳትነግረው» ብለውኝ ነበር።

ሶሉ የማያንሸራትተውን ጫማ አልጋቸው አጠገብ አድርጌዋለሁ። ሲነሱ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ትንሽ ይቀመጡ፤ የግፊቱ ኪኒን ያዞራቸዋል ብላለች ነርሷ። የኮሪደሩን ምንጣፍ ጠቅልዬ አንስቻለሁ፣ እግር ይጠልፋል። መብራቱን አታጥፋው። ኩሽና ውሃ ከፈሰሰ ወዲያው ይጠረግ።

ጫማውን ግን እኔ ብለምናቸውም እሺ አላሉኝም። አንተው በአፍህ ንገራቸው። እንደልብዎ ይርገጡ በላቸው።

ቶሎ ብነሳ ኖሮም ያው ነበር መሰለኝ። እንጃ።

እስክትመጣ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን አብራቸው ታድራለች። ቁልፌን ለእሷ ሰጥቻታለሁ።

እኔም ወደ ሌሊት ሥራዬ ሄጃለሁ።