እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ

ሙሌ፣

ከተለየኸን ስምንት ወር ሆነ። ደብዳቤ የምጽፍ ሰው እንዳልሆንኩ ታውቃለህ። አሁን የምጽፈው አንድ ነገር ስላደረግሁብህ ነው። እኔው ልንገርህ።

መጀመሪያ የቤቱን። ጓሮ ለተምችህ ብለህ የተከልከውን በቆሎ አጭጄ ጎመን ተከልኩበት። ጎረቤቶች ደስ አላቸው፤ በገዛ ጓሮው ትል የሚያረባ ሰው ካንተ በፊት አይተው አያውቁም ነበር። ልብስህን ዲጋ ላለው ወንድሜ ሰጠሁ። ጃኬትህን ለብሶ በበሩ ሲገባ መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ በኋላ ለመድኩት። እናትህ ከተፈናቀሉ ወዲህ አሁንም አያና ከተማ ዘመድ ቤት ናቸው፤ ወደ ገጠሩ ቤታቸው አልተመለሱም። ስደውል «ሶሬ፣ ልጄ» ብለው ስልኩን ለዘመዳቸው ይሰጡታል።

አሁን ወደ ነገሩ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪህ ኢፍቱ አብራችሁ የጀመራችሁትን ሥራ አላቋረጠችም። ሁለት ልጆቿን ጉቴ እናቷ ጋ ትታ፣ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት የትምህርት ፈቃድ ወስዳ ማስተርሷን የምትሠራው ሴት። አንተ ያዘጋጀሃቸውን ብልቃጦች ከፍሪዘር አውጥታ ሙከራውን ብቻዋን ጨረሰችው።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፤ ያንተን ያህል አልዘልቅበትም። ግን እራት ላይ ስንት ዓመት ስታወራ ሰምቼሃለሁ። ሌላው ሰው ሁሉ «መጤ ተምች» ይለዋል፤ አንተ «ተምች» ብቻ ነበር የምትለው። የጊዳ አያና ልጅ ነህና ለምን ብዬ ጠይቄህ አላውቅም። በትሉ ሆድ ውስጥ የበቆሎውን ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም አለ። ኢንዛይሙ ራሱ የአሚኖ አሲዶች ረጅም ክር ነው። ሴሪን የሚባለው ትንሽ አሚኖ አሲድ በክሩ ላይ ብዙ ቦታ ይገኛል፤ መቁረጡን የሚሠራው ግን አንድ የታወቀ ቦታ ላይ ያለው ነው ይላሉ መጻሕፍቱ። እሱን አንሥተህ በቦታው አላኒን የሚባለውን ሌላ አሚኖ አሲድ ብትተካ ክሩ እንዳለ ይቆያል፣ መቁረጡ ይቆማል። አንተ ሁለት ሴሪኖች መረጥክ፤ አንዱ ቆራጩ፣ ሌላው ለማነጻጸሪያ የያዝከው፣ በክሩ ጫፍ ያለው። በአንደኛው ብልቃጥ ቆራጩን፣ በሌላው የጫፉን በአላኒን ተካህ። ከዚያ ደም ጭንቅላትህ ውስጥ ፈሰሰ፣ ሙከራው ሳይደረግ ቀረ።

የኢፍቱ ውጤት መጻሕፍቱን ገለበጠ። ቆራጩ ተነሥቶም ኢንዛይሙ ይቆርጣል፤ የጫፉ ሲነሣ ግን ይቆማል። የትምህርት ክፍሉ ሰው ሁሉ ሊያይ መጣ። ጽሑፉ ባንተ ስም ተጀምሮ ውጭ አገር ላለ መጽሔት ተላከ። የኢፍቱ ዲፌንስ ለሐሙስ ተቀጠረ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ከቸርች በኋላ ማስታወሻ ደብተርህን ይዛ ቤት መጣች። በቁቤ፣ በላቲኑ የኦሮምኛ ፊደል ነው የተማረችው። አማርኛ ከኔ በላይ ትናገራለች፤ የእጅ ጽሑፍህን ማንበብ ግን አቃታት።

«አዴ ሶሬቲ፣ ይቺን ገጽ ብቻ ያንብቡልኝ፤ ፈታኞቹ ፊት እንዳላፍር።»

እያነበብኩላት አንድ መስመር ላይ ቆምኩ። «እሳቱ ሰ፦ ቆራጩ። ንጉሡ ሠ፦ የጫፉ።»

ብልቃጦቹ ላይ የተጻፈው ምን እንደነበር ጠየቅኋት።

«ሁለቱም ላይ ሰ ነው። ሴሪን ለማለት አይደል? እኔ S አንድ፣ S ሁለት ብዬ ገለበጥኩት።»

«አንድ ያልሽው የቱን ነው?»

«ሳጥኑ ውስጥ ፊት የነበረውን። ዋናው ይቀድማል ብዬ ነዋ።»

በሷ ፊደል ያለው አንድ S ነው። አንተ ደግሞ የደብተራ ልጅ ነህ። ብልቃጦቹን በፊደል ተራ ነው የደረደርካቸው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ። ንጉሡ ሠ ይቀድማል፤ ኢፍቱ አንድ ብላ ቆራጩ ያደረገችው የጫፉን ነበር።

«በርቺ፣ ሂጂ አጥኚ» ብዬ ሸኘኋት። ሌላ ምንም አልነገርኳትም።

እኔ ሁለቱን የ«ሰ» ፊደሎች የለየሁት ባንተ ነው። የሠርጋችን መጥሪያ ካርድ ከማተሚያ ቤት «ሰርግ» ተብሎ ሲመጣ ቁጭ ብለህ ሁሉንም በእስክሪብቶ አረምክ። አጎቴ ካርዱን አገላብጦ አይቶ «ምንድነው የተሰራረዘው፣ ሠርጉ ቀረ እንዴ?» አለ። ያን ጊዜ ሳቅን። ብልቃጦቹ ላይ ግን ያንን ልዩነት ካንተ በቀር የሚያነብ እንደሌለ አላሰብክም። አንድ ቁጥር ብትጽፍበት ኖሮ ይበቃ ነበር። ጥፋቱን ሁሉ ኢፍቱ ላይ መጫን አልችልም።

ሰኞ ከክፍለ ጊዜዬ በኋላ ላብራቶሪው ሄድኩ። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ያጓራል። የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ፍሪዘሩን አስከፈትኩት። ክዳኖቹ ላይ ያለው ያንተው ጽሑፍ ነው፤ ፊት ንጉሡ፣ ኋላ እሳቱ። ኃላፊው የምነግረውን ሰምቶ ክዳኑን መልሶ ዘጋው።

«አዴ ሶሬቲ፣ ማን ነው ሰ ሁለት መሆኑን የሚያውቅ? ለፈረንጆቹ ሁለቱም ኤስ ነው» አለ። ሳቅ ብሎ ነበር፤ እኔን ሲያይ ተወው። «ለሱ የቀረው ይሄ ጽሑፍ ብቻ ነው። ለልጅቷም ያስቡላት። ሐሙስ ካላለፈች ፈቃዷ ያልቅና ባዶ እጇን ጉቴ ትመለሳለች።»

የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። ወደ ቤት ስሄድ ዝም ለማለት ወስኜ ነበር፣ አልዋሽህም። አገሬ ባልከው አገር መጤ ሲሉህ ኖረው፣ አሁን ስምህ መጽሐፍ ያረመ ሰው ስም ሊሆን ነው። ማክሰኞንም እንደዚያው ዋልኩ። ሁለት ጊዜ ስልክ አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩ። ያስቸገረኝ አንድ ነገር ነው። የሆነ አገር ያለ ሰው ያንተን ጽሑፍ አምኖ የጫፉን ሴሪን ይዞ ዓመታት ይለፋል። ለገበሬው መድኃኒት አገኛለሁ ብሎ የማይቆርጥ ቢላ ሲያደነዝዝ ይኖራል።

ረቡዕ ኢፍቱ ወደ ተከራየችው ክፍል ሄጄ ነገርኳት። ደብተሩን ከፍቼ በጣቴ አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ ሁለቱን ፊደሎች እያፈራረቀች አየች።

«እሑድ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ነገ ነው እኮ አዴ። እሑድ ቢነግሩኝ ኖሮ እደግመው ነበር።»

 ሦስቱን ቀን ከሷ የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ የወሰድኩትም ላንተ ብዬ ነው።

ዲፌንሱን ራሷ አሰረዘች። ሙከራውን ከመጀመሪያው ደገመች፤ መብራት ሲሄድ እየጠበቀች፣ ሲመጣ እየጀመረች። ውጤቱ መጻሕፍቱ የሚሉት ሆነ። ቆራጩ ሲነሣ ይቆማል፣ የጫፉ ሲነሣ ምንም አይሆንም። ለመጽሔቱ ጽሑፉን አንሡልን ብላ ጻፈች። ኃላፊው አልፈርምም አለ፤ እሷ ብቻዋን ፈርማ ላከችው። አነሡት።

ፈቃዷ አልቆ ጉቴ ተመልሳ ታስተምራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ጽሑፏን ታስተካክላለች፤ በሚቀጥለው ዙር ታቀርባለች። ባለፈው ገበያ ተገናኘን። ሰላም አለችኝ። እንደ ድሮው፣ እንደ እናት «አዴ» አላለችኝም፣ «ቲቸር» ነው ያለችኝ።

ሙሌ፣ መጽሐፍ የገለበጠ ሰው እንዳትሆን ያደረግሁህ እኔ ነኝ። ስላንተ የሚጠይቁኝ አሉ፤ ነገም ይጠይቁኛል። ያየሁትን እነግራቸዋለሁ፤ የሠራኸውንም፣ የሳትከውንም። ግማሽህን ብቻ አስታውሺ ብባል አልችልበትም።

ሶሬ
ነቀምቴ