ከኋላዬ ያረምሽው ቆጠራ

ለእማዋይሽ፣ ለጨቅጫቃዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ ብልሽ አትመልሺልኝም። በሕይወት ሳለሽም ቢሆን ለጥያቄዬ ቶሎ መልስ የሰጠሽበትን ቀን አላስታውስም። ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ወጥቶ ገብሱ እሸት ይዟል። ሙት ዓመትሽን አሳምረን አውጥተናል፤ ቄሶቹ ጠላሽን የሚያህል አልቀመስንም እያሉ የጎረቤትን ጠላ ጨርሰውት ሄዱ። ቀይዋ ላም ወለደች፤ ጥጃዋ እንደ እናቷ ክፉ ናት። የፊት ጥርሴም ወልቋል። ብትኖሪ አንድ ሳምንት ትስቂብኝ ነበር።

ይህን ሁሉ የማወራልሽ ወደ ዋናው ነገር ለመግባት ፈርቼ ነው። ተቀይሜሻለሁ፣ እማዋይሽ። ሙት አይቀየሙትም ይላሉ፤ እኔ ግን ተቀይሜሻለሁ።

በዚህ በገነተ ማርያም ዙሪያ ልጁን የሚድር ሁሉ አስቀድሞ ወደ እኛ ነበር የሚመጣው። ልጆቹ ሰባት ቤት መራራቃቸውን እኛ ሳንናገር ሽማግሌ አይላክም። እኔ በአባት በኩል እቆጥራለሁ፤ አንቺ በእናት በኩል። መልሱን ከመስጠታችን በፊት ደግሞ አንዳችን የሌላችንን ቆጠራ እንድንነቅፍ ደንብ ነበረን። አንቺ ስትቆጥሪ አላሳልፍሽም። «ይቺን ሴትዮ ከየት ቆፍረሽ አመጣሻት? መላእክት ናቸው የነገሩሽ?» እልሻለሁ። ትስቂና እንደገና ከላይ ትጀምሪያለሽ። የእኔ ተራ ሲደርስ ግን አንገትሽን ዘንበል አድርገሽ ትሰሚና «ልክ ነው» ትያለሽ። ሁልጊዜ ልክ ነው። አርባ ዓመት ከዚያም በላይ ልክ ነበርኩ። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል!

ለመስቀል የልጅ ልጃችን ስንዱ መጣች። ሥራዋን ታውቂዋለሽ፤ ሆስፒታል ተቀምጣ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ያለባቸውን ቤተሰቦች ታማክራለች። እኛ ለሰርግ የምንቆጥረውን እሷ ለሕመም ትቆጥረዋለች። ወንዱን አራት ማዕዘን፣ ሴቷን ክብ አድርጋ በወረቀት ትሥላለች። አንቺን ክብ ስታደርግሽ «ኧረ ያን ያህል እንኳ አልወፈረችም ነበር» አልኳት።

አምስት አማካሪዎች ሆነው በየሐሙሱ ይሰበሰባሉ አለችኝ። አንዷ የቤተሰቡን ስም ሳታነሳ ምን ብላ እንዳማከረች ትናገራለች፤ ሌሎቹ ደግ ደጉን ይነግሯትና ከዚያ የሳተችበትን ፊት ለፊት ያሳዩዋታል። አለቃ የለበትም፤ ሁሉም ባለሙያ፣ ሁሉም ተነቃፊ ነው። በቀደም አንዲት እናት «የሚቀጥለውም ልጄ እንዲህ ይሆን?» ብላ ስትጠይቃት ስንዱ ንግግሯን እንኳ ሳታስጨርሳት «አይዞሽ» ብላታለች። ሐሙስ ዕለት ባልደረባዋ፣ «አይዞሽ ያልሻት እሷን ለማጽናናት ነው ወይስ አንቺ ከጥያቄዋ ለማምለጥ?» አለቻት። ስንዱ አለቀሰች። በማግስቱ ግን ሴትዮዋን መልሳ አስጠርታ የፈራችውን ሁሉ አውጥታ እስክትጨርስ ሰማቻት።

እኔ ሳቅኩ። «እኔና አያትሽ ሐሙስን ሳንጠብቅ ስንተራረም ኖረናል፤ እኔን ግን የሚያርም አልተገኘም» አልኳት። እስቲ አንዱን ልሣለው ስትለኝ የምኮራበትን ሰጠኋት፤ የሙጃዋን የበላይነሽን ልጅ ቆጠራ። ስንዱ እየሣለች መጥታ እርሳሷን አቆመች።

«አባባ፣ ወልደ ገብርኤል የቢተው አባት ነው ያሉኝ?»

«አዎ።»

«ታዲያ የአባትዬውም የልጅዬውም ሚስት ጥሩነሽ የሆነችው እንዴት ነው?»

እማዋይሽ፣ ወረቀቱን ወደ ራሴ ሳብኩት። ወልደ ገብርኤል የቢተው የክርስትና ስሙ ነበር። አንዱን ሰው በክርስትና ስሙ አንድ ቤት፣ በዓለም ስሙ ሌላ ቤት አድርጌ ቆጥሬዋለሁ። ሰባት ብዬ የፈቀድኩት ስድስት ነበር። ስንዱ ልታጽናናኝ ብላ ስድስት ቤት ለሕመም ያን ያህል አያሰጋም አለችኝ። እኔ ግን ቃል ሰጥቼ ነበር። ደግነቱ ጋብቻው ቀርቷል፤ ልጅቱ እምቢ አለች ተብሎ ነበር፤ በዘመኑ ልጆች እንዴት እንዳሾፍኩ ትዝ ይልሻል።

«ለምን እምቢ አለች?» አለች ስንዱ።

ጠይቄ አላውቅም። በገበያው ቀን ሙጃ ወጣሁ። በላይነሽ ነጭ ሽንኩርቷን ዘርግታ ተቀምጣለች። ስጠይቃት ሳቋን መያዝ አቃታት።

«አያ ደምሴ፣ እስከ ዛሬ አልሰሙም? ልጄ መቼ እምቢ አለች! እርስዎ መልሱን በሰጡን በሳምንቱ እማዋይሽ እዚሁ ገበያ መጥተው፣ ‹ቢተው ሁለቴ ተቆጥሯል፤ ሰበብ ፈልጋችሁ አፍርሱት፤ ለእሱ ግን እንዳትነግሩብኝ› ብለውን ነው። ደግሞ እኛን ብቻ መሰለዎት?»

አጠገቧ ያሉት ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። እነሱም ያውቃሉ። ገበያው በሙሉ ያውቃል። ሰዉ እኔ ፊት ቆሞ እጅ ሲነሳ ልቡ የአንቺን መምጣት ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። በገዛ ቤቴ መሳቂያ አድርገሽ አኖርሽኝ፤ አጉርሰሽኝ፣ እግሬን አጥበሽ፣ «ልክ ነው» እያልሽ።

የመልስ መንገዱን በእግሬ ወረድኩት፤ መኪና ውስጥ ሰው ፊቴን እንዲያየው አልፈለግሁም። መንገድ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ባይለኝ ይሻል ነበር። በተጋባን በሦስተኛው ዓመት በእንግዶች ፊት «እዚህ ጋ ስተሃል» ብለሽኝ ነበር። እኔ ያን ዐቢይ ጾም ሙሉ አላናገርኩሽም። ያቀረብሽልኝን ትቼ እናቴ ቤት እየሄድኩ በላሁ። ለፋሲካ ሲያስታርቁን «ልክ ነበርክ» አልሽኝ። አልነበርኩም። ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

እሺ፣ ግማሹ ጥፋት የእኔ ይሁን። ግን ያኔ የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ልጅ ቀብሬያለሁ፤ ድርቅ አይቻለሁ፤ ራሴ ሸብቷል፤ አንቺው ነበርሽ ፀጉሬን የምትላጪው። ከዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ እስቲ ዛሬ ልሞክረው አላልሽም? ማረምሽ አይደለም ያንገበገበኝ። አይማርም ብለሽ ተውሽኝ።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ለልጁ ሊያስቆጥር መጣ። አልቆጥርም ልለው ነበር። አስቤ አስቤ በላይነሽን አስጠራኋት፤ የእናት በኩሉን ከአንቺ ሰምታ ይዛዋለችና። በሰው ፊት እንድትነቅፈኝ ስነግራት «ኧረ አያ ደምሴ፣ እኔ እርስዎን!» አለች። «ካልነቀፍሽኝ የሙጃን ሽንኩርት ዳግመኛ አልገዛም» አልኳት። ቆጠርኩ። አራተኛው ቤት ላይ ስደርስ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «እዚህ ጋ የዘለሏት ሴት አለች፤ እሷ ስትገባ ልጆቹ ይገናኛሉ» አለች።

ደሜ ፈላ። ጋቢዬን ሰብስቤ ወጣሁ። በረቱ አጠገብ ቆሜ ያቺን ክፉ ጥጃ ሰደብኳት፤ ምንም አላደረገችኝም። ከዚያ ተመልሼ ገባሁና ከላይ ጀምሬ ቆጠርኩ። በላይነሽ እውነቷን ነው። ለጎረቤታችን፣ «ስቻለሁ፤ አይጋቡም» ብዬ በገዛ አፌ ነገርኩት። ሰውዬው አዝኖ፣ አመስግኖኝ ሄደ። እኔም ምሳዬን በላሁ፤ የሞተ ሰው አልነበረም።

አልረሳሽም። በሕይወት እስካለሁ ስምሽ በቅዳሴው ይነሳል፤ መቃብርሽንም አረም አይበላውም። ስለ አንቺ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ግን ሳልሸፍን እናገራለሁ። በላስታ ትውልድ በማወቅ እማዋይሽን የሚያህል አልነበረም፤ የሳተችው በአንድ ሰው ብቻ ነው፤ በባሏ፣ እላለሁ።

ገና ያልታረቀሽ ባልሽ፣
ደምሴ