ከዶሮ ተመራማሪው ሞክሼዬ እንድለይ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የምርምር ፈቃድና ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በጠረጴዛዎ ላይ ተከምረው የከረሙት ማመልከቻዎች ሁሉ ፍጹም ጤና እንድትሆኑ እመኛለሁ። እኔ የጆሮ ሕክምና ተመራማሪ ነኝ። በአንድ የቆርቆሮ መቀጥቀጫ ቤት የሚሠሩ ሰዎች የመስማት አቅማቸው ምን ያህል እንደተጎዳ ለመመርመር የሥነ ምግባር ፈቃድና የምርምር ድጋፍ ከጠየቅሁ ሰንብቻለሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎም ያልጠየቅሁትን ብዙ ነገር ስላደረገልኝ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድሁ።

አንደኛ፣ ስለ መለያ ቁጥሩ አመሰግናለሁ። የተመራማሪ መለያ ቁጥር የተፈጠረው ስማቸው አንድ የሆነ ሰዎች ሥራቸው እንዳይደባለቅ መሆኑን በእናንተው ሥልጠና ላይ ተምሬ ነበር። የመዝገብ ክፍላችሁ ግን ስሜን እስከ አያት የሚጋራ አንድ የዶሮ ተመራማሪ ሞክሼ እንዳለኝ ባወቀ ጊዜ፣ ድግግሞሽ ነው ብሎ ለሁለታችን አንድ ቁጥር ሰጠን። ባለቤቴ በተመራማሪዎች ድረ ገጻችሁ በስሜ ሥር የወጣውን ባለጢም ፎቶግራፍ አይቶ፣ ሥራውን ቀስ ብዬ እንድይዘው መክሮኛል።

ሁለተኛ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ላሳየው ርኅራኄ አመሰግናለሁ። የሁለታችን የመረጃ አያያዝ ዕቅድ በአንድ ቁጥር ሥር ስለገባ፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ጥናቱ ሲያበቃ ለምን እንደሚታረዱ በጽሑፍ እንዳስረዳ ተጠይቄያለሁ። ሞክሼዬ ደግሞ የእያንዳንዷን ዶሮ የፈቃድ ፊርማ እንዲያቀርብ ታዟል። ደግ ሰው ነው፤ ደውሎልኝ ዶሮዎቹ መጫሩን እንደሚችሉበት፣ ማንበቡ ላይ ግን እንደሚቸገሩ ነገረኝ።

ሦስተኛ፣ ዕቅዱን በመጠየቃችሁ አልቀየምም። የሰው ሕመም የሰው ገመና ነውና፣ የምርመራው ውጤት የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚከፍተውና መቼ እንደሚሰረዝ አስቀድሞ መታሰቡ ተገቢ ነው፤ እኔም ስሞቹን አውጥቼ፣ ውጤቱን በይለፍ ቃል በተዘጋ ኮምፒውተር እንደማስቀምጥ ተጠብቤ ጽፌ ነበር። አሁን ሰነዱ ተሳታፊዎቼ በላስቲክ ተጠቅልለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣሉ ይላል። ይታረምልኝ ብል፣ ማመልከት የምችለው በራሴ መለያ ቁጥር ብቻ እንደሆነ ተነገረኝ፤ የራሴ ቁጥር ደግሞ የሚሰጠኝ ስሕተቱ ሲታረም ነው። ለሰሚው ግራ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ከቀጥቃጮቹ አንዱ አጎቴ ነው። አሠሪያቸው ጥናት ከመጣልኝ ለሁሉም የጆሮ መከላከያ እገዛለሁ ብሏል፤ እስከዚያው ግን ሰዎቹ የማይሰሙት ሥራ ሲታዘዙ ብቻ ነው ባይ ነው። አጎቴ የልጅ ልጁ አጠገቡ ተቀምጣ ስታወራው አፍ አፏን እያየ፣ መሳቅ በሌለበት ቦታ ይስቃል። እሷም አሁን አሁን ወሬዋን ይዛ ወደ ሌላ ሰው መሄድ ጀምራለች። በዚህ አዝኛለሁ፤ ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ስጽፍ ጆሮ ዳባ ልበስ ስላላችሁኝም ተናድጃለሁ። መዶሻው ኮሚቴው እስኪሰበሰብ አይጠብቅምና፣ ሞክሼዬን ከእኔ፣ ቀጥቃጮቹንም ከዶሮዎቹ ይለዩልን ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

ለጽሕፈት ቤትዎ ያላትን አክብሮት በየቢሮው ደጃፍ ቆማ ያስመሰከረች፣ ከመለያ ቁጥሯ በቀር ሁሉ ነገሯ የራሷ የሆነ፣
ታዛዥዎ የጆሮ ተመራማሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደንባችሁ የስምምነቱ ቃል ለተሳታፊው ጮክ ተብሎ እንዲነበብለትና መስማቱን እንዲያረጋግጥ ያዛል። በቀደም ለሙከራ ያህል ለአጎቴ አነበብሁለት። ፈቃዱ የመጣ መስሎት ከመቀመጫው ተነሣና፣ ዕድሜና ጤና ይስጣቸው፣ ሰሚ አያሳጣቸው ብሎ መረቃችሁ። የሰው ምርቃት አደራ ነውና ይኸው አድርሻለሁ።